ሳንባ ሊጠገን ሲችል ለምን ይጣላል?

በሜሪላንድ የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ በአሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ እንግዳ ስፍራ አይደለችም። የአማርኛ ጽሑፍ በየመደብሩ ደጃፍ ይነበባል፤ እንጀራና ቡና የሚሸጥበት፣ ግብር የሚሞላበት፣ ወደ አዲስ አበባ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጥበት ቤት ጎን ለጎን ተደርድሯል። በዚህችው ከተማ፣ ካለፈው አሥርት ዓመት አጋማሽ አንሥቶ፣ ብዙው ነዋሪ የማያውቀው ሥራ ይከናወናል። ከሟች ለጋሽ የወጣና ሐኪሞች ለመቀበል ያመነቱበት ሳንባ ከሩቅ ሆስፒታል በአውሮፕላን ይመጣል፤ ግልጽ በሆነ ክዳን ሥር ይቀመጣል፤ ከመተንፈሻ መሣሪያና ከፓምፕ ጋር ይገናኛል፤ ከሰው አካል ውጭ ሆኖም ለጥቂት ሰዓታት ይተነፍሳል። በእነዚያ ሰዓታት ብቁ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ እንደገና በአውሮፕላን ተጭኖ ወደሚጠብቀው ሕመምተኛ ይላካል። ካልተረጋገጠ ጉዞው በዚያው ያበቃል።

ከዚህ ሥራ በስተጀርባ ከሕክምና ያለፈ ጥያቄ አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ይህ ሳንባ ለንቅለ ተከላ አይሆንም» የሚለው ቃል የሐኪም የመጨረሻ ፍርድ ነበር። ዛሬ ግን ያ ፍርድ ይግባኝ ተገኝቶለታል። ይግባኙ መሰማቱና አለመሰማቱ የሚወሰነው ደግሞ በሕክምና እውቀት ብቻ አይደለም፤ የጥገናውን ወጪ ማን ይሸፍናል፣ የማዕከላት ውጤት በምን ይለካል፣ መሣሪያውስ የት ይገኛል የሚሉት የአስተዳደር ጥያቄዎችም ድርሻ አላቸው። የሳንባ እጥረት ከዕድል እጥረት ወደ ፖሊሲ ጉዳይ የተሸጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገኘውና የሚጣለው

በአሜሪካ በ2023 ብቻ ከ3,000 በላይ የሳንባ ንቅለ ተከላ ተደርጓል። ይህ ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ነው። ይሁንና ኩላሊታቸው ወይም ጉበታቸው ለሌላ ሰው ከሚተርፍ ሟች ለጋሾች መካከል ሳንባቸው ጥቅም ላይ የሚውለው ከአምስት የአንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀሪዎቹ ሳንባ ከነሟቹ ይቀበራል። በሌላ በኩል በሳንባ ጠባሳ፣ በሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ በሳንባ ደም ሥር ግፊት ወይም ሥር በሰደደ የሳንባ መዘጋት በሽታ የተያዙ ሰዎች የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ስልክ እስኪደወል ይጠብቃሉ። ከእነርሱም መካከል ስልኩ ሳይደወልላቸው የሚሞቱ አሉ።

ሳንባ ከሌሎች አካላት ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳው ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ የሚገናኝ በመሆኑ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ከሆዱ የተመለሰ ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ መሣሪያ ግፊት ያደክመዋል፤ ኢንፌክሽን ያጠቃዋል። የአንጎል ሞት ራሱ በሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ማዕበል የሳንባን ከረጢቶች በውኃ ይሞላል። ከእነዚህ ጉዳቶች ግን ሁሉም ዘላቂ አይደሉም። ውኃው ሊመጠጥ፣ የተጣበቀው ሊከፈት፣ የተጠራቀመው አክታ ሊጠረግ ይችላል። የጎደለው ጊዜ ነበር፤ በበረዶ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሳንባ ሊፈተሽም ሊታከምም አይችልምና።

የተለመደው አጠባበቅ እንዲህ ነው። ሳንባው በልዩ ፈሳሽ ታጥቦ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀዘቅዛል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ለተቀባዩ ሊተከል ይገባል። ቅዝቃዜው የሕዋሳትን ሥራ አዘግይቶ ጥፋቱን ያራዝማል፤ የደረሰውን ጉዳት ግን አይጠግንም። ስለሆነም የተጠራጠረ ሐኪም አማራጩ ሁለት ብቻ ነበር፦ ተቀባዩን ለአደጋ አጋልጦ መትከል ወይም ሳንባውን መተው። ጠንቃቃ ሐኪም ይተወዋል፤ በዚያ ሁኔታ ሊወቀስም አይገባውም።

ከሉንድ እስከ ቶሮንቶ

በሰው ላይ የመጀመሪያውን የሳንባ ንቅለ ተከላ በ1963 በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱት ዶክተር ጄምስ ሃርዲ ነበሩ፤ ተቀባዩ ከ18 ቀን በኋላ አረፈ። ተቀባዩ ለዓመታት የኖረበት የመጀመሪያው ስኬት የተመዘገበው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ በቶሮንቶ በዶክተር ጆኤል ኩፐር ቡድን ነው። ሳንባን ከአካል ውጭ ፈትሾ የመትከል በር የተከፈተው ደግሞ በ2000 በስዊድን ሉንድ፣ በፕሮፌሰር ስቲግ ስቴን እጅ ነው። ሳንባው ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የቶሮንቶ ሐኪሞች ሻፍ ኬሻቭጂና ማርሴሎ ሳይፔል ከባልደረቦቻቸው ጋር ዘዴውን ለሰዓታት የሚዘልቅ የዘወትር ሥራ አደረጉት። ሳንባው ቀስ በቀስ ወደ 37 ዲግሪ ይሞቃል። ደም የሌለው፣ በፕሮቲን የበለጸገ ፈሳሽ በደም ሥሮቹ ውስጥ በዝግታ ይዘዋወራል፤ የፈሳሹ ባሕርይ በሳንባው ሥጋ ውስጥ የታቆረውን ውኃ ወደ ደም ሥሩ ስቦ ያወጣል። የመተንፈሻ መሣሪያው አየር በለሆሳስ ያስገባል፣ ያስወጣል። ሐኪሞቹ ሳንባው ኦክስጅን የማሳለፍ አቅሙን፣ የመለጠጥ ችሎታውንና የደም ሥሩን ግፊት በየሰዓቱ ይለካሉ፤ በራጅ ያነሡታል፤ በቀጭን ካሜራ ውስጡን ያያሉ። ውሳኔያቸው በግምት ሳይሆን በሚታይ ማስረጃ ላይ ይቆማል።

በ2011 የታተመው የቶሮንቶ ጥናት 23 አጠራጣሪ ሳንባዎችን በዚህ መንገድ ፈትሾ 20ዎቹ ለመተከል መብቃታቸውን አሳየ። ከተተከሉ ከሦስት ቀን በኋላ ከባድ የሳንባ ጉዳት የታየው በ15 በመቶዎቹ ሲሆን፣ በተለመደው መንገድ በተተከሉት ላይ ቁጥሩ 30 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አስተማማኝ ለመባል አልበቃም፤ ነገር ግን ሊጣሉ ይችሉ የነበሩ ሳንባዎች በወጉ ከታከሙ ከተለመዱት እንደማያንሱ አመለከተ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 የመጀመሪያውን መሣሪያ በውስን ፈቃድ፣ በ2019 ደግሞ በሙሉ ፈቃድ አጸደቀ። ሳንባውን በጉዞ ላይ ሳለ ሞቆና እየተነፈሰ የሚያጓጉዘው ሌላው መሣሪያም በ2018 ፈቃድ አገኘ።

ሚዛናዊ ለመሆን የብሪታንያውም ተሞክሮ መነገር አለበት። በ2016 የታተመው የዚያ አገር ጥናት 53 ሳንባዎችን ለመጠገን ሞክሮ ለመተከል የበቁለት 18 ብቻ ነበሩ፤ ከተቀባዮቹም መካከል አንድ ዓመት የደፈኑት በተለመደው መንገድ ከተተከለላቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ። ከሁለቱ ጥናቶች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ውጤት አያመጣም። ብዙ ሳንባ የሚያልፍበት፣ ልምድ ያካበተ ቡድንና ወጥ የአሠራር ሥርዓት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ሆስፒታል ጓዳ አንድ አንድ መሣሪያ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ እንደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ያሉ ለብዙ ሆስፒታሎች የሚያገለግሉ የጋራ ማዕከላት መታሰባቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥበቃውም ቢሆን እየተለወጠ ነው። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ሳንባን ከ4 ዲግሪ ይልቅ በ10 ዲግሪ ማቆየት የሕዋሳቱን የኃይል ማመንጫ ክፍሎች የተሻለ እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። ከቪየናና ከማድሪድ ሐኪሞች ጋር ሆነው በ70 ተቀባዮች ላይ ያካሄዱትና በ2023 የታተመው ጥናት፣ በውድቅት ሌሊት የደረሰ ሳንባ አድሮ በማግስቱ በቀን ሊተከል እንደሚችል አረጋግጧል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀቱን በትክክል የሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ነው። ሳይተኛ ያደረ የቀዶ ሕክምና ቡድንና አርፎ የተነሣ ቡድን እኩል እንዳልሆኑ ለሚያውቅ ሰው ትርፉ ቀላል አይደለም። በ2022 ደግሞ የዚያው ከተማ ተመራማሪዎች ከአካል ውጭ ባለ ሳንባ ላይ ኢንዛይም ተጠቅመው የደም ዓይነት ኤ መለያዎችን በማስወገድ ወደ ኦ የሚጠጋ ሳንባ ማግኘት እንደሚቻል አስታውቀዋል። ይህ ገና በምርምር ደረጃ ያለ ነው፤ ነገር ግን ጥገና የሚለው ቃል ወዴት እያመራ እንደሆነ ይጠቁማል።

እንቅፋቱ የት ነው?

የመጀመሪያው እንቅፋት ክፍያ ነው። ሳንባን መጠገን መሣሪያ፣ ውድ ፈሳሽ፣ የአውሮፕላን ጉዞና የባለሙያዎች ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። ጥገናው ባይሳካም ወጪው አይቀርም። በአሜሪካ ሜዲኬር የአካል ማግኛን ወጪ ለንቅለ ተከላ ማዕከላት የሚተካበት ሥርዓት ቢኖረውም የሚሸፍነው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ቀሪው ማዕከሉ ከግል ኢንሹራንስ ድርጅቶች ጋር በሚያደርገው ድርድር ላይ ይንጠለጠላል። ባለብዙ ሀብቱ ማዕከል ኪሳራውን ይሸከማል። አነስተኛው ማዕከል ግን አጠራጣሪ ሳንባ ሲቀርብለት «አይሆንም» ማለት ይቀለዋል።

ሁለተኛው የመመዘኛው ጉዳይ ነው። ከ2007 አንሥቶ የአሜሪካ ንቅለ ተከላ ማዕከላት ፈቃዳቸውን ለማደስ በተቀባዮቻቸው የአንድ ዓመት በሕይወት የመቆየት ውጤት ይመዘኑ ነበር። ዓላማው ሕመምተኛውን ለመጠበቅ ነበር፤ ሆኖም ማዕከላትን ከማናቸውም አደጋ እንዲሸሹ አድርጓል የሚል ትችት በረታ። መስፈርቱ በ2019 ከፈቃድ እድሳት ቢነሣም ቁጥሩ ዛሬም በይፋ ይታተማል፤ በማዕከላት መልካም ስም ላይ ያለው ጫናም አልተነሣም። በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ አካል አሰባሳቢ ድርጅቶችን ባገኙት ለጋሽና ለተቀባይ ባደረሱት አካል ብዛት ይመዝናቸዋል። አሰባሳቢው ብዙ እንዲያቀርብ፣ ተቀባዩ ማዕከል ጥቂት እንዲመርጥ የሚገፋ ሥርዓት በመካከል የሚወድቀውን ሳንባ አያድንም። በተተከለላቸው ሰዎች ዕድሜ ብቻ የሚለካ ማዕከል፣ ሳንባ በመከልከሉ ሳቢያ ተራ እየጠበቀ የሞተውን ሰው በሒሳቡ አያገኘውም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ከመጋቢት 2023 አንሥቶ በአሜሪካ የሳንባ ድልድል በጠንካራ የክልል ወሰን መመራቱ ቀርቶ፣ የሕመሙን አጣዳፊነት፣ የሚጠበቀውን ጥቅም፣ የደም ዓይነትን፣ ርቀትንና ሌሎች መመዘኛዎችን በአንድ ነጥብ በሚደምር ቀመር ሆኗል። ይህ ፍትሐዊ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሳንባ ይበልጥ ሩቅ እንዲጓዝ ሲፈቀድ፣ በጉዞው እንዳይጎዳ የሚያደርገው የጥበቃ ዘዴ በእኩል መስፋፋት ይኖርበታል። አለበለዚያ የአዲሱ ቀመር ጥቅም መሣሪያውና አውሮፕላኑ ላለው ማዕከል ብቻ ያደላል።

አራተኛው እንቅፋት ከሁሉ የሚቀድም ነው፤ ወደ ተጠባባቂዎች ዝርዝር መግባት። የተጠገነ ሳንባ የሚደርሰው ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። በአሜሪካ ለዘመናት የትንፋሽ መለኪያ ውጤት በዘር ላይ ተመሥርቶ ሲተረጎም ቆይቷል። «ጥቁር» ተብሎ ከተመዘገበ ሰው የሚጠበቀው የሳንባ መጠን ዝቅ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ አንድ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ጥቁር ሕመምተኛ ከነጩ የተሻለ ጤንነት ያለው ይመስላል። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2023 ዘርን የማይጠቅስ ስሌት በሁሉም ዘንድ ሥራ ላይ እንዲውል አሳስቧል። ሊጎበኝ የሄደ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ወይም ቤተሰቡ «ውጤቴ በየትኛው ስሌት ተተረጎመ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄውም በአስተርጓሚ አማካይነት በአማርኛ ሊቀርብ ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ የፍትሕ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የድልድል ደንብ አካል በዜግነት ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የመለገስ በርም ለሁሉም ክፍት ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ግን በአብዛኛው የምርመራውን ደረጃ ሳያልፍ ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ስደተኛ ሲሞት ሳንባው ለሌላው ሊተርፍ ሲችል፣ በሕይወት ሳለ ለራሱ ሳንባ የማግኘት ዕድሉ እጅግ የጠበበ ነው። መስጠትን የሚፈቅድ፣ መቀበልን ግን በገንዘብ የሚያጥር ሥርዓት የለጋሾችን አመኔታ ለረጅም ጊዜ ይዞ መዝለቅ አይችልም።

እድርና የቤተሰብ ውይይት

ከላይ የተዘረዘሩት የመንግሥታትና የተቋማት ድርሻዎች ናቸው። ማኅበረሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ራሱን በለጋሽነት ካስመዘገበ ፈቃዱ ሕጋዊ ኃይል አለው። በእንግሊዝ ከግንቦት 2020 ጀምሮ፣ እንቢታውን ያላስመዘገበ ዐዋቂ፣ በአገሪቱ ቢያንስ አንድ ዓመት ከኖረ፣ እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ሐኪሞች ግን ቤተሰቡን ሳያማክሩ አይቀጥሉም። በጀርመን ደግሞ ግልጽ ፈቃድ የግድ ሲሆን፣ ከመጋቢት 2024 አንሥቶ በኢንተርኔት የሚመዘገቡበት መዝገብ ተከፍቷል። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም የሚያመሳስለው ነገር አለ፤ በዚያች የሐዘን ሰዓት ሐኪሙ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ቤተሰቡ ነው። የሟቹን ፈቃድ የማያውቅ ቤተሰብ በድንጋጤ መካከል «አይሆንም» ቢል አይፈረድበትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ለዚህ ውይይት ከእድር የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቶሮንቶ፣ በለንደንና በፍራንክፈርት የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ስለ ሞት በግልጽ የሚነጋገረው በእድሩ ነው፤ አስከሬን ወደ አገር የሚሸኘው፣ ሐዘንተኛን የሚያጽናናው፣ ወጪን የሚጋራው በዚያ ነው። በአባላት ዘንድ የሚመላለሱት ሥጋቶችም በዚያው ሊመለሱ ይችላሉ። ልገሳ አስከሬንን ለስንብት ከማቅረብም ሆነ ወደ አገር ከመላክ አያግድም። የልገሳው ወጪ በቤተሰቡ ላይ አይወድቅም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ሞትን የሚያረጋግጠው ሐኪም አካሉን በማውጣትም ሆነ በመትከል ሊሳተፍ አይችልም። የእስልምና እምነት ተከታዮችም ዓለም አቀፉ የእስልምና የፊቅህ አካዳሚ በ1988 በቅድመ ሁኔታዎች የፈቀደ ውሳኔ እንዳሳለፈ ከኢማሞቻቸው ሊሰሙ ይገባል። የሌሎች ቤተ እምነቶች አባቶችም በዚህ ረገድ ለምእመናን ጥያቄ ግልጽ ትምህርት ቢሰጡ ብዙ ቤተሰብን ከጭንቀት ያሳርፋሉ።

«ሐበሻ ከሞት በኋላ አካሉን አይሰጥም» የሚለው አባባል በተግባር የተስተባበለ ነው። በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከተቋቋመበት ከ2003 ጀምሮ በሟቾች የዓይን ብሌን ብርሃናቸው የተመለሰላቸው ወገኖች አሉ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅም ከ2015 ጀምሮ በሕይወት ካሉ የቤተሰብ ለጋሾች ኩላሊት ሲተክል ቆይቷል። በአገር ቤት የሳንባ ንቅለ ተከላ የለም፤ የማገዶ ጭስና የሳንባ ነቀርሳ ያልተገቱበት አገር ቅድሚያ መስጠት የሚገባውም ለመከላከል ነው። ነገር ግን የመስጠት ባህሉ በአገር ቤት ሥር መስደዱን ያየ ዳያስፖራ፣ ባሕር ማዶ በሚኖርበት ማኅበረሰብም ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ትንታኔ አምስት ምክረ ሐሳቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል የጤና መድን ከፋዮች የሳንባ ጥገናን ወጪ፣ ጥገናው ባይሳካም እንኳ፣ እንዲሸፍኑ። ሙከራው ራሱ የአገልግሎቱ አካል ነውና።

ሁለተኛ፣ የንቅለ ተከላ ማዕከላት የተቀባዮቻቸው የሕይወት ቆይታ ብቻ ሳይሆን፣ በዝርዝራቸው ላይ ሳሉ የሞቱት ቁጥርና የመለሱት ሳንባ ብዛትም ጎን ለጎን ታትሞ እንዲነበብ።

ሦስተኛ፣ የጥገና አገልግሎት በየክልሉ በሚቋቋሙና አነስተኛ ሆስፒታሎችም በእኩል ዋጋ በሚጠቀሙባቸው የጋራ ማዕከላት እንዲደራጅ። ይህ ዘርፍ በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው በግል ኩባንያዎች እጅ ያለ በመሆኑ፣ የዋጋና የውጤት መረጃ ለሕዝብ ይፋ መሆኑ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ይሁን።

አራተኛ፣ ዘርን መሠረት ያደረገ የትንፋሽ ስሌት በሁሉም የንቅለ ተከላ ምርመራ እንዲቀር፤ በአማርኛ የሚሰጥ የትርጉም አገልግሎትም ከመጀመሪያው ቀጠሮ አንሥቶ እስከ ምዝገባው ድረስ እንዲቀርብ።

አምስተኛ፣ እድሮችና የሃይማኖት ተቋማት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስለ አካል ልገሳ የሚመክሩበት ጉባኤ እንዲያዘጋጁ፤ አባላት ፈቃዳቸው እሺታም ይሁን እንቢታ፣ አስቀድመው ለቤተሰባቸው እንዲነግሩ።

ለመስጠት የማይፈልግ ሰው ፈቃዱ ይከበር። የሰጠ ሰው ግን አደራው ሊጠበቅለት ይገባል። አንድ ቤተሰብ በሕይወቱ እጅግ በከበደችው ሰዓት «እሺ» ብሎ ያስረከበው ሳንባ፣ ሊጠገን እየቻለ፣ ወጪውን የሚሸፍን ስለታጣ ወይም መሣሪያው በአቅራቢያ ስላልተገኘ ብቻ ሲጣል፣ የሚባክነው ሥጋ ብቻ አይደለም። የሟቹ አደራ፣ የቤተሰቡ ልግስናና የተጠባባቂው ሕመምተኛ የቀረው ዕድሜ አብረው ይባክናሉ። የጥገናው ጥበብ ተገኝቷል፤ አደራውን የሚጠብቅ ሕግ ማውጣት ደግሞ የሕግ አውጪዎችና እነርሱን የሚጠይቁ ዜጎች ፈንታ ነው።